በእንቅርት ስር የሚደበቅ እንግዳ

ሐይቅና አምባሰል ውስጥ አንገቷ ያበጠ ሴት ብትታይ ማንም አይደነግጥም፤ «እንቅርት ነው» ተብሎ ይታለፋል። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። የደጋውን አፈር የዘመናት ዝናብ አጥቦ አዮዲኑን ስለወሰደው፣ የታይሮይድ ዕጢ ጉድለቱን ለማካካስ ሲታገል ያብጣል። በ2003 ዓ.ም. ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ቢወጣም፣ የቆየ እንቅርት በአንድ ጀምበር አይጠፋም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ማለታችን ራሱ እብጠቱ ምን ያህል ቤተኛችን እንደሆነ ይመሰክራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ቤተኛ አልፎ አልፎ የሚመጣውን እንግዳ መሸፈኑ ነው።

እንግዳው ሂስቲዮሳይቶሲስ ይባላል። ሂስቲዮሳይቶች ባዕድ ነገርን የሚውጡ የመከላከያ ህዋሶች ናቸው፤ ያለ ልክ ሲባዙ አጥንት፣ ቆዳ፣ ሳንባ፣ እጅግ አልፎ አልፎ ደግሞ ታይሮይድ ውስጥ ይከማቻሉ። ፓውል ላንገርሃንስ እ.ኤ.አ. በ1868 በርሊን ውስጥ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ ቆዳ ላይ ያያቸውን ህዋሶች የነርቭ ህዋስ መስለውት ነበር። በስሙ የሚጠራው ሂስቲዮሳይቶሲስ ከበሽታው ቤተሰብ ይበልጥ የታወቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሮሳይና ዶርፍማን የገለጹት ሌላም ዓይነት አለ።

ምርመራው የሚጀምረው በቀጭን መርፌ ነው። ከእብጠቱ የተወሰደው ጠብታ መስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ጠጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ የላንገርሃንስ ህዋስ አስኳል መሃሉ ላይ ስርጉድ መስመር አለው፤ ልክ እንደ ቡና ፍሬ። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው፤ ፓፒላሪ የተባለው የታይሮይድ ካንሰርም ያንኑ መስመር ይዞ ይመጣል። ቢራፍ የተባለው የዘረ መል ለውጥ እንኳ ሁለቱም ላይ ይገኛል። የሚለያቸው ሲዲ1ኤ እና ላንገሪን የተባሉትን ፕሮቲኖች የሚያጎላ ልዩ ቀለም ነው። ሳይለዩ ከቀሩ ሕመምተኛዋ ለካንሰር የሚሰጠው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሊታዘዝላት ይችላል፤ የላንገርሃንስ ህዋሶች ግን አዮዲን ስለማይወስዱ አይጠቅማትም።

ከቀለሙ በፊት ግን ጥያቄ አለ፤ እሱ ገንዘብ አይጠይቅም። «ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ትነሻለሽ? ውሃ ጥሙስ እንዴት ነው?» በሽታው አንጎል ስር ያለውን ፒቱታሪ ዕጢ ሲነካ ሰው እንስራ ሙሉ ቢጠጣ አይረካም። ጆሮ የሚመግል፣ የራስ ቅል አጥንት የሚያም ከሆነም ይጠየቅ። መልሱ «አዎ» ከሆነ እብጠቱ እንቅርት ብቻ ላይሆን ይችላል።

ልዩ ቀለሙ በየሆስፒታሉ አይገኝም። ሆኖም በባዮፕሲ የተወሰደ ሥጋ በፓራፊን ሰም ተጠምቆ ለዓመታት ይቆያል፤ ታካሚዋ ሐይቅ ቤቷ እያለች ሰሙ አዲስ አበባ ደርሶ ሊመረመር ይችላል።