መጽሐፉ ተሸጧል፤ ግን ደርሷል?

በውጭ አገር የሚኖር ደራሲ የአማርኛ መጽሐፉን በኢንተርኔት መሸጥ ሲጀምር በቅድሚያ የሚያሳስበው ገንዘቡን እንዴት እንደሚቀበል ነው። ክፍያው ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ጣጣው የሚጀምረው ገዢው ከፍሎ፣ ፋይሉን አውርዶ፣ በማንበቢያው ሲከፍተው በፊደል ፋንታ የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ ሲያይ ነው። ተታለልኩ ቢል አይፈረድበትም። ማኅበራት የግጥም መድበል ለአባሎቻቸው ሲልኩም የሚገጥማቸው ይኸው ነው።

ሳጥኑ የሚመጣው መሣሪያው የግዕዝ ፎንት ሲያጣ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የዛሬ ስልኮችና ታብሌቶች በአብዛኛው ፎንቱን ይዘው ይመጣሉ። እንደ ኪንድልና ኮቦ ባሉ ማንበቢያዎች ላይ ግን በዚህ መተማመን አይገባም። መፍትሔው ፎንቱን ከመጽሐፉ ጋር አብሮ መላክ ነው። ኢፐብ የሚባለው ፋይል ጽሑፍ፣ ሥዕልና ፎንት በአንድ ላይ የታጨቁበት ዚፕ ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ ያለ ክፍያ አብረው ይታሸጋሉ። ይህም ተደርጎ መሣሪያው አንባቢው ቀድሞ የመረጠውን ፎንት ሊያስቀድም ይችላል፤ ስለዚህ “ከፎንት ምርጫው የአሳታሚውን ይምረጡ” የሚል አንድ መስመር ለገዢው መላክ ብዙ ጥያቄ ያስቀራል። ጽሑፉ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት የተተየበ ከሆነ ግን ከሥሩ ያለው የላቲን ፊደል ነውና አስቀድሞ መቀየር አለበት።

“ፒዲኤፍ የትም ይከፈታል” ይባላል። እውነት ነው፤ ገጹ ግን ግትር ነው። ለኤ4 ወረቀት የተዘጋጀ ገጽ ስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ሲገባ ፊደሉ ጤፍ ያህላል። ኢፐብ ላይ እናቶቻችንም ፊደሉን እንደ ፈለጉ ያተልቁታል። ሁለቱንም አዘጋጅቶ መስጠት ይሻላል።

አሁን ወደ ማድረሱ። እያንዳንዱ ኪንድል የራሱ ኢሜይል አለው፤ ሆኖም አማዞን ባለቤቱ ካልፈቀደለት ላኪ የመጣ ፋይል አያስገባም። ሻጩ “አድራሻህን ስጠኝ፣ እኔው እልክልሃለሁ” ካለ፣ ገዢው አስቀድሞ የሻጩን ኢሜይል በአማዞን አካውንቱ ማጽደቅ ይኖርበታል። የሚረሳው ደግሞ ይህ ነው። ለገዢው የማውረጃ ሊንክ ልኮ፣ ፋይሉን ራሱ በሴንድ ቱ ኪንድል እንዲያስገባ ማድረግ ይቀላል። ሞቢ የሚባለውን አሮጌ ፎርማት ተዉት፤ አማዞን በዚህ መንገድ መቀበል አቁሟል። አይፓድ ያለው ኢፐቡን በአፕል ቡክስ ይከፍተዋል፣ አንድሮይድ ያለው ወደ ጉግል ፕሌይ ቡክስ ይጭነዋል፣ ኮቦ ያለው በዩኤስቢ ገመድ ይገለብጠዋል።

የአማርኛ መጻሕፍት በቴሌግራም እንደ ልብ ሲዘዋወሩ ያየ ደራሲ ፋይሉን መቆለፍ ቢያምረው አይገርምም። በእኔ አስተያየት ግን ቁልፉ ይበልጥ የሚያንገላታው የከፈለውን ሰው ነው፤ የሚሰርቀውማ የስክሪን ፎቶም ያነሳል። የገዢውን ስም በገጾቹ ግርጌ ማተም ይበቃል። ሊንኩም አንዴ ብቻ ሠርቶ የሚሞት አይሁን፤ ሰው ስልኩን ይቀይራል፣ ታብሌቱም ይሰበራል።

ሽያጩ ከመከፈቱ በፊት ፋይሉን ከጓደኛ በተዋሳችሁት እውነተኛ ኪንድልና ኮቦ ላይ ክፈቱት። እንደ ቋ፣ ጓ እና ኳ ያሉትን ፊደላት እዩ። ቃላቱን በሁለት ነጥብ የምትለዩ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ጫፍ ላይ በትክክል መታጠፉን አረጋግጡ።