ስለ ስሌት ፍጥነትና ስለ ሁለቱ የኮምፒዩተር ልሳናት

የዛሬው የስታትስቲክስ ሊቅ ከቀደሙት የሚለይበት ዐቢይ ነገር፣ በወረቀትና በእርሳስ ዕድሜ ልኩን ቢደክም የማይፈጽመውን ስሌት ለኮምፒዩተር አዝዞ፣ እርሱ ራሱ ስለ ጥያቄው የሚያስብበት ጊዜ ማግኘቱ ነው። ይሁን እንጂ ትእዛዙ የሚፈጸመው እንደ ተጻፈበት ልሳን ጠባይ ስለ ሆነ፣ በአንዱ ልሳን ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው ሥራ በሌላው በደቂቃዎች ሲያልቅ ይታያል። የዚህ ልዩነት ምክንያት ምን እንደ ሆነና ተመራማሪው ፍጥነትን በምን ሥርዓት ሊሻው እንደሚገባ ማስረዳት የዚህ ሐተታ ዓላማ ነው፤ የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጊዶ ቫን ሮሰም በአምስተርዳም ጀምሮት በ1991 ለሕዝብ ያወጣው ፓይተን ለመጻፍ የቀለለ፣ ለማንበብም ግልጽ የሆነ ልሳን ነው፤ ነገር ግን ትእዛዙ የሚፈጸመው በአስተርጓሚ ፕሮግራም አማካይነት ነው። በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ዴኒስ ሪቺ ያዘጋጀው ሲ፣ በዚያው ቤትም ብያርነ ስትሮስትሩፕ ከ1979 ጀምሮ ያበጀው ሲ ፕላስ ፕላስ ግን፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ኮምፓይለር በሚባል ፕሮግራም በሙሉ ወደ ኮምፒዩተሩ የራሱ ልሳን ይገለበጣሉ። በባዕድ ልሳን የተጻፈ ደብዳቤ የደረሰው ሰው አስተርጓሚ አጠገቡ አቁሞ ይዘቱን ሊሰማ ይችላል፤ ያንኑ ደብዳቤ ሺህ ጊዜ መስማት ቢያስፈልገው ግን አስተርጓሚው ሺህ ጊዜ ይደክማል፣ አስቀድሞ አስገልብጦ ያስቀመጠው ሰው ግን የትርጉሙን ድካም አንድ ጊዜ ብቻ ከፍሎ ይገላገላል።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንመልከተው። በፓይተን ሁለት ቁጥሮች ይደመሩ ዘንድ በታዘዘ ቁጥር፣ አስተርጓሚው የቀረቡለት ነገሮች ከምን ዓይነት እንደ ሆኑ ይመረምራል፤ ለዓይነታቸው የሚስማማውን የመደመር ሥርዓት ይፈልጋል፤ ለድምሩም በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ስፍራ ያዘጋጃል። በተለመደው ፓይተን አንድ የአሥርዮሽ ቁጥር 24 ባይት ሲይዝ በሲ 8 ባይት ይበቃዋል፤ ስለዚህ አንድ ሚሊዮን ቁጥሮች በፓይተን ዝርዝር ሲቀመጡ፣ የአድራሻቸው ስፍራ ተጨምሮ፣ 32 ሚሊዮን ባይት ያህል ይፈጃሉ፣ በሲ ግን 8 ሚሊዮን ይበቃቸዋል። ኮምፓይለሩ የዓይነቱን ምርመራ አስቀድሞ ስለ ፈጸመ፣ በሥራው ሰዓት የሚቀረው መደመሩ ብቻ ነው።

ሁለቱን ዓይነት ልሳናት አስማምቶ ማሠራት ዛሬ የተጀመረ ጥበብ አይደለም። በ1976 ጆን ቼምበርስና ባልደረቦቹ በዚያው በቤል ላቦራቶሪ ኤስ የተባለውን የስታትስቲክስ ልሳን ሲወጥኑ፣ በፎርትራን ተጽፈው የነበሩትን የስሌት ፕሮግራሞች ተመራማሪው በቀላል ትእዛዝ እንዲጠራቸው ማድረግ አሳባቸው ነበር፤ ፎርትራንም ጆን ባከስ የመራው የአይቢኤም ጓድ በ1957 ያወጣው ልሳን ነው። የፓይተን ተጠቃሚዎች ዛሬ የሚደገፉበት፣ ትራቪስ ኦሊፈንት በ2006 ያወጣው ነምፓይ የተባለው የስሌት ፕሮግራም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሚሊዮን ቁጥሮች ይደመሩ ሲባል ትእዛዙን አንድ ጊዜ ተቀብሎ ሥራውን በሲ ለተጻፈው ክፍል ያስረክባል።

ነምፓይ የማይደርስበት ሥራ ግን አለ። ኒኮላስ ሜትሮፖሊስና ባልደረቦቹ በ1953 ባሳተሙት ዘዴ የሚሠራው የማርኮቭ ሰንሰለት፣ እያንዳንዱን እርምጃ ካለፈው እርምጃ ተነሥቶ ስለሚወስን፣ ሚሊዮኑን እርምጃ በአንድ ጊዜ ማዘዝ አይቻልም፤ አስተርጓሚውም በየእርምጃው መድከም ግድ ይሆንበታል። የኮምፓይለር ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። በዕጣ በሚወጡ ቁጥሮች ለሚሠራው የሞንቴ ካርሎ ዘዴ መሠረት ከጣሉት ሊቃውንት በአንዱ በስታኒስላው ኡላም ስም የተሰየመውና በ2012 የወጣው ስታን የተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም፣ ተመራማሪው የጻፈውን ሞዴል በሙሉ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ገልብጦ ለኮምፓይለር ይሰጣል፤ ጥቂት ያስጠብቃል፣ ሰንሰለቱ ከተነሣ በኋላ ግን በመካከል የሚገባ አስተርጓሚ የለም።

እንዲህም ሆኖ፣ ፍጥነት የፈለገ ሁሉ ፕሮግራሙን እንደ ገና በሲ ፕላስ ፕላስ ይጻፍ ማለት አይገባም። አስቀድሞ ጊዜው የት እንደሚያልቅ መለካት ያስፈልጋል። አንድ ሥራ 100 ደቂቃ ቢፈጅና ከዚህ 80ው በአንድ ተደጋጋሚ ስሌት ቢያልቅ፣ ያ ስሌት ከናካቴው ጊዜ የማይወስድ ቢሆን እንኳ 20ው ደቂቃ ስለሚቀር፣ ጠቅላላው ፍጥነት ከአምስት እጥፍ አያልፍም፤ ይህም ጂን አምዳል በ1967 ካቀረበው አሳብ የተገኘ ሕግ ነው። ስለዚህ ጊዜ የሚበላው ጥቂት ክፍል ብቻ ይገልበጥ፤ የቀረው በቀላሉ ልሳን ይቆይ።

ደግሞም ፈጣኑ ልሳን ጥንቃቄን ይሻል። በፓይተን ሙሉ ቁጥር ማኅደረ ትውስታ እስከ ቻለ ድረስ ያድጋል፤ በሲ ግን በ32 ቢት የተያዘ ባለ ምልክት ሙሉ ቁጥር ስሌቱ ከ2,147,483,647 ካለፈ ውጤቱ አይታመንም፣ ከተሰለፉት ቁጥሮች ወሰን ውጭ ያለ ስፍራ ቢጠራም የሚከለክል ላይኖር ይችላል። የአሥርዮሽ ቁጥሮች የመደመር ተራ ሲለወጥ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ሊለወጡ ስለሚችሉም፣ አሮጌውንና አዲሱን ፕሮግራም በአንድ መረጃ ላይ አሠርቶ ማስተያየት፣ ልዩነትም ቢገኝ ምክንያቱን እስከ መጨረሻው መከታተል የተመራማሪው ግዴታ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም የሚገባው ግን ውጤትን ቶሎ ለማሳተም አይደለም። ሰንሰለቱ አዝጋሚ የሆነበት ሰው ከአንድ መነሻ አንድ ጊዜ ልኮ ያገኘውን መልስ ለመቀበል ይገደዳል፤ ጊዜ የተረፈው ግን ከልዩ ልዩ መነሻ አራት ሰንሰለት ይልካል፣ አራቱም ካልተስማሙ መልሱ ገና እንዳልበሰለ ያውቃል። ይህንም ለማድረግ ብርቱ ኮምፒዩተር የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ተማሪ ከሁሉ ይልቅ ይጠቀማል፤ ከ1987 ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚታደለው ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር በአሮጌ ኮምፒዩተርም ላይ ይሠራልና። እንግዲህ በስታትስቲክስ የሚሠለጥኑ ወጣቶቻችን ቀላሉን ልሳን ከተማሩ በኋላ ከፈጣኑም ጥቂት እንዲማሩ፣ ያተረፉትንም ሰዓት መልሳቸውን መልሰው ለመመርመር እንዲያውሉት ከልብ እንመክራለን።