ሳይቃጠል በቅጠል፦ ልጆችና የበረሃው ሞተር

በላስ ቬጋስ አርትስ ዲስትሪክትን አቋርጦ የሚያልፈው የቻርልስተን ጎዳና ወደ ምዕራብ ሲቀጥል ዩ.ኤም.ሲ. ሆስፒታል ያደርሳል። ይህ ሆስፒታል አንደኛ ደረጃ የከባድ አደጋ ሕክምና ማዕከል ሲሆን፣ ለሕፃናትም የተለየ ክፍል አለው። ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ኔሊስ ዱንስ የተባለው አሸዋማ በረሃ ይገኛል። ኤቲቪ የሚባለው ባለ አራት ጎማ ሞተር በብዛት የሚነዳው እዚያ ነው።

ብዙ ወላጆች ቅዳሜና እሑድን በታክሲና በካዚኖ ሥራ ላይ ያሳልፋሉ። ልጅ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ቤተሰብ ጋር በረሃ ልሂድ ሲል መፍቀድ ቀላል ይመስላል። ሞተሩም ከሩቅ ሲያዩት መጫወቻ ይመስላል። ነገር ግን የአዋቂው ዓይነት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ይመዝናል። ቁመቱ ከፍ፣ ጎኑ ጠበብ ያለ ስለሆነ በቀላሉ ይገለበጣል። ሲጠመዘዝ ነጂው ሰውነቱን እያዘነበለ ሚዛን መጠበቅ አለበት፤ የልጅ ክብደትና ጉልበት ግን ለዚህ አይበቃም። ሲገለበጥም ልጁን ከሥር ያደርገዋል። አብዛኛዎቹ የተሠሩት ለአንድ ሰው ብቻ በመሆኑ፣ ከኋላ የሚፈናጠጥ ልጅ አደጋውን ያብሳል።

በአሜሪካ ከ1982 ወዲህ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ከ3,000 በላይ ልጆች በዚህ ሞተር ሞተዋል። ባለ ሦስት ጎማው ዓይነት በ1988 አዲስ እንዳይሸጥ የተደረገውም በአደጋው ብዛት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ16 ዓመት በታች ማንም እንዳይነዳ ይመክራል።

በማሳቹሴትስ አንድ የ8 ዓመት ልጅ በ2006 በዚሁ ሞተር ሞተ። ወላጆቹ በሐዘን ብቻ አልተቀመጡም፤ ከሐኪሞች ጋር ሆነው የሕግ አውጪዎችን በር አንኳኩ። በ2010 በልጁ ስም የተጠራው “የሾን ሕግ” ወጣ፤ ከ14 ዓመት በታች መንዳትንም ከለከለ። በኋላ በተደረገ ጥናት፣ ከ10 እስከ 13 ዓመት ከሆኑ ልጆች መካከል በዚህ ሞተር ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል የሚገቡት በግማሽ ቀንሰዋል።

የኔቫዳ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በየሁለት ዓመቱ፣ ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት በየካቲት ወር ካርሰን ሲቲ ላይ ይሰበሰባል። ሐሳብ ለማቅረብ ዜግነት አይጠየቅም። እድሮች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች በአንድነት ደብዳቤ ቢጽፉ ድምፃቸው ይሰማል። እስከዚያው ወላጅ ከመፍቀዱ በፊት “ሞተር አለ ወይ? ማን ይነዳል?” ብሎ ይጠይቅ። ካለ፣ ልጁ እንዳይነዳም እንዳይፈናጠጥም ከቤት ሳይወጣ ቁርጡን ይንገረው።