ስጦታና ስግደት

የሀገራችን የወንጌል መምህራን ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ አርባ መዓልትና አርባ ሌሊት ከጾመ በኋላ ከዲያብሎስ የቀረቡለትን ሦስቱን ፈተናዎች ሲተረጕሙ፣ የመጀመሪያውን ስስት፣ ሁለተኛውን ትዕቢት፣ ሦስተኛውን ፍቅረ ንዋይ ብለው ይሰይሟቸዋል። ከእነዚህም ሦስተኛው በአቀራረቡ ከሁለቱ ይለያል፤ ፈታኙ የዓለምን መንግሥታት ከነክብራቸው በረጅም ተራራ ላይ ሆኖ ሲያሳይ የመጣው እንደ ለጋስ እንጂ እንደ ቀማኛ አይደለምና፤ በምላሹ የጠየቀውም አንዲት ስግደት ብቻ ነበረች። ስለ ሃይማኖትና ስለ ሀብት የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚነቅፉት ቅንጦትንና ገንዘብ ወዳድነትን ሲሆን፣ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በትዕግሥት ለሚመረምር ሰው ግን ዋናው ፈተና የንብረቱ ብዛት ሳይሆን ከሰጪው ጋር ተያይዞ የሚመጣው ውለታ፣ ከውለታውም የሚወለደው ዝምታ ሆኖ ይታየዋል።

ምንኩስና ራሱ የተጀመረው ከዚህ ፈተና በመሸሽ ነው። ግብጻዊው አባ እንጦንስ ጌታ ባለጸጋውን ጎልማሳ የመከረውን ምክር በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምቶ ለራሱ እንደ ተነገረ በመቍጠር፣ ከአባቱ የወረሰውን እርሻ ለመንደሩ ሰዎች ለቆ፣ የቀረውን ሸጦ ለድኾች መጽውቶ ወደ በረሃ መውረዱን ቅዱስ አትናቴዎስ ጽፎልናል። ቈስጠንጢኖስ ለክርስቲያኖች ሰላም ሰጥቶ ቤተ ክርስቲያን ከዋሻ ወደ አደባባይ በወጣች ጊዜ፣ ሰማዕትነት የቀረባቸው ብዙዎች የእንጦንስን ፍለጋ ተከትለው ነበርና በረሃው በመነኮሳት ተሞላ። ይኸው ሥርዓት ወደ ሀገራችን ሲደርስ አቡነ አረጋዊ ያለ ጠፍር የማይወጣበትን የደብረ ዳሞን አምባ መረጡ። አምባው ግን ሽፍታን እንጂ የንጉሥን ስጦታ የሚከለክል አልነበረም፤ በዚያ ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ዐፄ ገብረ መስቀል እንደ ሆነ ትውፊት ይመሰክራል።

የቤተ ክርስቲያን ሀብት በተነሣ ቍጥር ሳይጠቀስ የማይታለፈው ደግሞ የሲሶው ነገር ነው። በ1262 ዓ.ም. ይኵኖ አምላክ መንግሥቱን ሲይዝ የመንግሥቱ ሲሶ ለቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ቃል ኪዳን ገባ የሚለው ትረካ፣ አንዳንዱ ጸሐፊ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ ሌላው ለሐይቁ አበምኔት ለአባ ኢየሱስ ሞዐ ሲሰጠው ይገኛል። የታሪክ ሊቃውንት ትረካው ከነገሩ ዘመን ብዙ ዘግይቶ የተጻፈ ነው ብለው ይጠራጠሩታል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ በኋለኛው ዘመን በእርግጥ ስለ ያዘችው መሬት መጠንም ግምታቸው እጅግ ይራራቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን ቍጥሩ አይደለም። መናኝ መሬት ሲቀበል የሚያሳየው ይህ ትረካ እንደ ክብር ሆኖ መነገሩና፣ መናኙ መሬት ቢሰጠው ለምን እንደማይቀበል የሚጠይቅ ሰው በዚያ ትረካ ውስጥ አለመገኘቱ ነው እንጂ።

ጠያቂዎች ግን ነበሩ። በ14ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ዐምደ ጽዮን የቤተ ክርስቲያንን ሕግ ጥሶ በአባቱ ሚስትነት ትታወቅ የነበረችን ሴት አግብቷል በተባለ ጊዜ፣ የደብረ አስቦው አበምኔት አቡነ ፊልጶስ፣ አቡነ አኖሬዎስ፣ አባ በጸሎተ ሚካኤልም ፊት ለፊት ገሠጹት፤ ንጉሡም አስገረፋቸው፣ ወደ ሩቅ አገርም አጋዛቸው። የአኖሬዎስ ደም በፈሰሰበት ስፍራ እሳት ተነሥቶ የንጉሡን ሰፈር አቃጠለ የሚለው ትውፊት ነገሩ ለዚያ ዘመን ሰው ምን ያህል እንደ ከበደው ያሳያል። በተለይ በጸሎተ ሚካኤል ንጉሡን ብቻ ሳይሆን ክህነትን በገንዘብ ይሸጣሉ ያላቸውን የገዛ ቤተ ክርስቲያኑን አለቆች ጭምር የተናገረ ሰው ነበርና፣ ወዳጅ አልበዛለትም። ግርፋትና ግዞት እነዚህን ሰዎች ዝም ሊያሰኛቸው አልቻለም፤ እንዲያውም በተጋዙበት አገር ሁሉ ወንጌልን እየሰበኩ ሄዱ። ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሥታት ለመነኮሳት ጉልት፣ ማለት ከገበሬው ግብር የመቀበል መብት፣ ማብዛታቸው ከዚህ ልምድ የተማሩት ነገር ቢሆን አይደንቀኝም።

የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ታሪክ ይህን በግልጥ ያሳያል። ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበት እንድትከበር አጥብቀው ከማስተማራቸው ጋር ከመኳንንት እጅ መንሻ መቀበልን ይከለክሉ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ከሀገር ወጥተው በግብጽና በኢየሩሳሌም በኩል እስከ አርማንያ ተሰደው በዚያው ዐረፉ። ተከታዮቻቸው ከማዕርግና ከቤተ መንግሥት ተገልለው፣ በሰሜኑ ደጋ እርሻቸውን በገዛ እጃቸው እያረሱ፣ ደብረ ቢዘንን የመሰሉ ገዳማትን አቀኑ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የሰንበትን ነገር እንደ እነርሱ ፈቃድ ፈጽሞ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ባስታረቃቸው ጊዜ፣ ለመቶ ዓመት የታገሉለትን አገኙ፤ ከዕርቁም ጋር ጉልት መጣ። ንጉሡ ለደብረ ቢዘን የሰጠው ርስት በገዳሙ ወንጌል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። በትምህርታቸው ያሸነፉ ሰዎች በኑሮአቸው ተሸነፉ ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን መምህራቸው ስለ እጅ መንሻ የተናገሩት ከዚያ ወዲያ እንደ ሰንበቱ ነገር ሲነሣ አይሰማም።

በዚያው ንጉሥ ዘመን ዕርቅን ያልተቀበሉ ሌሎች ነበሩ። የአጋሜው አባ እስጢፋኖስ ከገዳመ ቆየጻ ወጥተው ያቋቋሙት ማኅበር፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ እየተባለ የሚጠራው፣ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው በማለት ለንጉሡ መስገድን እምቢ አለ፤ ለእመቤታችንና ለመስቀል ስለሚገባው ስግደት ባለው አቋሙም ከቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ጋር ተጋጨ። በዚህ በሁለተኛው ነገር ላይ ሊቃውንቱ የፈረዱትን እኔ ልሽር አልነሣም። በመጀመሪያው ላይ ግን፣ በማኅበሩ ሰዎች ላይ የደረሰውን ግርፋት፣ ድንጋይ ውግራት፣ የአፍንጫና የምላስ መቈረጥ ሲያነብ ልቡ የማይነካ ሰው ካለ ገድለ ሰማዕታትን በከንቱ አንብቧል እላለሁ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የማኅበሩን ገድላት ከግእዝ ወደ አማርኛ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» በሚል ርእስ ካሳተሙት ወዲህ ይህ ታሪክ ከሊቃውንት ጓዳ ወጥቶ በሕዝብ ዘንድ ታውቋል።

ከስግደቱ ነገር ጋር ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የእነዚህ መነኮሳት መተዳደሪያ ነው። ምግባቸውን በላባቸው የሚያገኙ፣ ጉልት የማይቀበሉ፣ ሀብታቸውን በአንድነት የሚያኖሩ፣ ብራና ፍቀው መጻሕፍት በመጻፍ የታወቁ ነበሩ፤ በገዳማቸው በጉንዳ ጉንዶ የተረፉት የብራና መጻሕፍት ብዛትና የጽሕፈታቸው ጥራት እስከ ዛሬ ተመራማሪዎችን ያስደንቃል። ንጉሡ ሊወስድባቸው የሚችል እርሱ የሰጣቸው ነገር ስላልነበረ፣ በእጁ የቀረው ሰውነታቸው ብቻ ነበር፤ እርሱንም ቀጣው። እምቢታቸው በነገረ መለኮት ክርክር ብቻ የሚፈታ አይመስለኝም። ጐተራውን ከንጉሡ ያልተቀበለ ሰው ጕልበቱን ለንጉሡ ላለማጠፍ ይቀለዋል።

ስለ ጉልትና ስለ ሰሞን መሬት አሠራር የዛሬው ትውልድ ብዙ የሚያውቅ ስላልሆነ ጥቂት ማለት ይገባል። ጉልት የተሰጠው ደብር ከባለርስቱ ገበሬ ግብርና አገልግሎት የመቀበል መብት ሲኖረው፣ የሰሞን መሬት ግን ለቀዳሹ፣ ለዲያቆኑ፣ ለደብተራው በሰሞኑ ለሚያገለግለው አገልግሎት ዋጋ የሚሰጥ ነበር። በሐሳብ ደረጃ ለመሠዊያው የሚያገለግል ከመሠዊያው ይብላ ከሚለው ሐዋርያዊ ሥርዓት ጋር የተስማማ ይመስላል። በተግባር ግን መሬቱ ርስት እየሆነ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ፤ ክህነት የሌለው ባላባት ጭምር የሰሞን መሬት ይዞ፣ አንድ ድኻ ቄስ በትንሽ እህል ቀጥሮ ያስቀድስበት፣ ትርፉን እርሱ ይበላው ነበር። ይህን በምናስብበት ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሀብት እየተባለ የሚጠራው ብዙው በእርግጥ የማን ሀብት እንደ ነበር መጠየቅ ይገባል፤ ለብዙ ዘመን በቤተ ክርስቲያን ስም ከገበሬው ሲሰበሰብ፣ በጎጆዋ የሚያድረው የአጥቢያ ቄስ ከገበሬው እምብዛም የተሻለ ኑሮ አልነበረውም።

በ1935 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ደንብ ይህን የተበታተነ ገቢ በአንድ ግምጃ ቤት ለመሰብሰብ ሞክሯል። ከእስክንድርያ መንበር ተላቃ በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ የሾመችው ቤተ ክርስቲያን ግን ከዘውዱ ጋር ያላት ትስስር አልላላም። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለውን ደንብ ባወጡ ጊዜ፣ በየአጥቢያው ካህናትና ምእመናን በአንድነት የሚመርጡት ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም፣ ቤተ ክርስቲያኒቱም በመሬት ሳይሆን በልጆቿ አስተዋፅኦ እንድትተዳደር መንገድ ጠረጉ። ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በሐምሌም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ፣ የዘመናት ጉልት በአንድ ዓመት ውስጥ አለቀ። ቃለ ዓዋዲ ያን ጊዜ ባይኖር ኖሮ ብዙ አጥቢያ ይዘጋ እንደ ነበር አያጠራጥርም።

እንግዲህ በጉልት ምክንያት ዝም ያለች ቤተ ክርስቲያን ጉልቷ ሲወሰድባት አንደበቷ ይፈታል ብሎ የጠበቀ ሰው ቢኖር ተሳስቶአል። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ። በምትካቸው የተመረጡት በወላይታ ለብዙ ዘመን ያገለገሉት መናኙ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ያለ ጫማ የሚሄዱ፣ በጾምና በስግደት የጸኑ መነኩሴ ነበሩ፤ ሕዝቡም ወደዳቸው። ይሁን እንጂ የአንድ አባት ድኽነት የመንበሩን ነጻነት አላስገኘም፤ መሬቷን የወሰደው መንግሥት በምትኩ በሚሰጠው ድጎማ እንደ ገና ሰጪ ሆኖ ተቀምጦ ነበርና። በፈቃድ የሚተው ሀብትና በዐዋጅ የሚወሰድ ሀብት ባዶነታቸው አንድ ቢመስልም፣ የመጀመሪያው ብቻ ነው ምናኔ የሚባለው።

ከሰጪ ውለታ ነጻ የመሆን ጥያቄ የኦርቶዶክሱ ብቻ እንዳልነበረ ለማስታወስ ያህል የመካነ ኢየሱስን ነገር ማንሣት ይበቃል። ይህች ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ የምዕራብ ለጋሾች ለልማት ሥራ እጃቸውን ሲዘረጉ ለወንጌል ስብከት ግን ማጠፋቸውን፣ ሰውንም ነፍስና ሥጋ ብለው መክፈላቸውን በጨዋነት ግን በግልጥ ነቀፈች። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሰጪው የሥራውን ዓይነት ጭምር እንደሚመርጥ ከብዙዎች ቀድመው ያዩ ሰው ነበሩ። እርሳቸውም ከሀገር የሚወጡበት ዕድል ቀርቦላቸው ሳይቀበሉት በ1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። የአቡነ ቴዎፍሎስና የቄስ ጉዲና ዐፅም ተገኝቶ በክብር ያረፈው በአንድ ዓመት፣ በ1984 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ ንጉሥ የለም፤ ሰጪዎች ግን አልጠፉም። በአዲስ አበባ ታላላቅ አድባራት ቅጥር ዙሪያ የሚከራዩ ሱቆች፣ በየበዓሉ የሚሞላው ሙዳየ ምጽዋት፣ የስለት ወርቅና መኪና ያስገኙት ገቢ የቀደመውን ጉልት የሚያስታውስ ሆኗል፤ በገጠር ያለው ቄስ ግን ደመወዝ አጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን እየዘጋ ወደ ከተማ ይጐርፋል፣ በከተማም ለመቀጠር ምልጃና እጅ መንሻ ይጠየቃል እየተባለ ምእመኑ ያማርራል። ብልሹ አሠራር መኖሩን ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ ራሳቸው በተደጋጋሚ በአደባባይ ተናግረዋል። በሰሜን አሜሪካ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት የሕንፃ ብድራቸውን የሚከፍሉት በምእመናን መዋጮ ስለ ሆነ ሥልጣኑ በቦርድ እጅ ይሆንና፣ ቄሱ ቦርዱን የሚያስቀይም ስብከት ለመስበክ ሁለት ጊዜ ያስባል፤ ከዚህ የተነሣ እስከ ፍርድ ቤት የደረሰ ክርክርም ብዙ ነው። በየአዳራሹ የሚሰበከውን፣ ጤናንና ሀብትን የእምነት ምልክት የሚያደርገውን የብልጽግና ወንጌል እየተባለ የሚጠራ ትምህርት በተመለከተ፣ የወንጌላውያኑ መምህራን ራሳቸው በበቂ ስለ ነቀፉት እኔ የምጨምረው የለኝም፤ ያ ትምህርት ቢያንስ ፍላጎቱን አይደብቅም።

መፍትሔው ሀብትን ሁሉ መተው ነው የሚል ሰው መቅደሱን በምን እንደሚያበራ፣ የአብነት ተማሪውን በምን እንደሚያበላ መናገር አለበት። ቆሎ ተማሪ በየደጁ እየለመነ ቅኔና ድጓ መማሩን እንደ ቅድስና የሚያወድስ ሁሉ ልጁን ወደዚያ አይልክም። ጥንትም ቢሆን ደቂቀ እስጢፋኖስ ንብረት አልባ አልነበሩም፤ ያላቸው ሁሉ የማኅበሩ እንደ ሆነ እያንዳንዱ መነኩሴ ያውቅ ነበር እንጂ። ቃለ ዓዋዲም የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ በየጊዜው ተመርምሮ ለምእመናን እንዲነገር ያዝዛል። ይህ ድንጋጌ የአንድን አጥቢያ ገቢና ወጪ የአለቃው ወይም የለጋሹ ምስጢር ከመሆን የሚያወጣው ነው፤ የሚነገረውን ሒሳብ ተቀምጦ የሚሰማ፣ ያልገባውንም የሚጠይቅ ምእመን እስካልበዛ ድረስ ግን በወረቀት የተጻፈ መብት ሆኖ ይቀራል። በብዙ አጥቢያ በዓመታዊው ስብሰባ ሪፖርት የሚነበበው ቅዳሴ አብቅቶ ሕዝቡ ወደ ቤቱ በሚጣደፍበት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን የሚወስነውም ሒሳቡን የሚያቀርበው ክፍል ራሱ ነው።