ቃጠሎ ሲያጋጥመን፦ ከኮልጌቱ በፊት የ20 ደቂቃ ውሃ



በመምህርነት ላይ በነበርንበት ጊዜ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ከምናስተምራቸው ልጆች አንዷ እጇን በሒጃቧ ጫፍ ሸፍና ትቀመጥ ነበር። ለካስ በረመዷን ለኢፍጣር ሳምቡሳ ስትጠብስ ዘይት ተፈናጥሮባት ኖሯል። ቤት የነበሩት ሰዎች ደግ ያደረጉ መስሏቸው ኮልጌት ቀቡላት፤ ሲደርቅ ደግሞ ፈቅፍቀው አነሱት። ከኮልጌቱ ጋር ቆዳውም አብሮ ተነሳ። ቁስሉ አመርቅዞ ለመዳን ከወር በላይ ፈጀ፤ ጠባሳውም ቀረ። ልጅቷን የጎዳት ዘይቱ ብቻ ሳይሆን ከዘይቱ በኋላ የተደረገውም ጭምር ነው። ስለዚህ ቀላል ቃጠሎ ቤታችን ውስጥ ሲያጋጥም ምን ማድረግ እንዳለብን እንመልከት።

መጀመሪያ ውሃ

እሳቱ ወይም ዘይቱ ከራቀ በኋላም ሙቀቱ በቆዳ ውስጥ ይቆያል፤ ወደ ውስጥ እየዘለቀም ጉዳቱን ያጠልቀዋል። ስለዚህ ከቅባት በፊት ሙቀቱን ማውጣት ያስፈልጋል። የተቃጠለውን ቦታ ከቧንቧ ሥር አድርገን ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ እናፍስበት። አንድ ጊዜ ነክሮ ማውጣት አይበቃም። ቃጠሎው ከደረሰ በኋላ እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ውሃው ይጠቅማልና ዘገየን ብለን አንተወው። በረዶ ግን አይደረግበትም፤ የተጎዳውን ቆዳ መልሶ ይጎዳዋል።

“ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 20 ደቂቃ ከየት ይመጣል?” የሚል ይኖራል። ለዉዱእና ለቤት ሥራ ያስቀመጥናት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትበቃለች። አንድ ሊትር የሚይዝ ጆግ በየደቂቃው በዝግታ ብናፈስ ልክ 20 ደቂቃ ይሆናል። ውሃው ካነሰ ደግሞ በንጹህ ሳፋ እያጠራቀምን መልሰን እናፍሰው።

ቀለበትና አምባር እጅ ሳያብጥ በፊት ይውለቅ። በፈላ ውሃ ወይም በዘይት የራሰ ልብስ ቶሎ ይነሳ፤ ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ከሆነ ግን አንጎትተው። በእንጦጦ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች ምሽቱ ይበርዳል፤ ስለዚህ ሕፃን ከሆነ ቁስሉን እያቀዘቀዝን ሌላውን ሰውነቱን በብርድ ልብስ እንሸፍነው።

የማይደረጉ ነገሮች

ኮልጌት፣ ቅቤ፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ የቡና ዱቄት አይደረግበትም። ሙቀቱን ያፍኑታል፣ ቆሻሻ ያስገባሉ፣ ሐኪሙም የቁስሉን ጥልቀት እንዳያይ ይጋርዱታል።

ስለ ማር ብዙ ሰው ይጠይቀናል። ማር ለሰዎች መድኃኒት እንዳለበት በቁርኣን መነገሩን እናምናለን። በሕክምናም ለቁስል ተብሎ ከጀርም ነጻ ተደርጎ የተዘጋጀ ማር አለ። ከሾላ ገበያ የገዛነው ማር ግን ለመብል እንጂ ለተከፈተ ቁስል የተዘጋጀ አይደለም። ደግሞም የትኛውም ማር ቢሆን የ20 ደቂቃውን ውሃ አይተካም።

ከዚያ በኋላ

ውሃ የቋጠረው ቦታ አይፈንዳ፤ ከላይ ያለው ቆዳ ተፈጥሯዊ ፋሻ ነው። ቁስሉን በውሃና በለስላሳ ሳሙና በቀስታ አጥበን፣ በስሱ ቫዝሊን ቀብተን፣ በማይጣበቅ ጎዝ እንሸፍነው። ጎዙን ከፋርማሲ ማግኘት ይቻላል። ጥጥ በቀጥታ አይደረግበትም፤ ክሩ ቁስሉ ላይ ይቀራል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በተገቢው መጠን መውሰድ ይቻላል። የቴታነስ ክትባት ካልወሰድን ወይም ከወሰድን ከቆየን ጤና ጣቢያ እንጠይቅ።

ዉዱእን በተመለከተ ዲናችን ገር ነው። ውሃ ቁስሉን የሚጎዳው ከሆነ ጤነኛውን አካል አጥቦ በፋሻው ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ ይቻላል። ከዚህ ጋር ተየሙም መጨመር ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም በሚለው ላይ መዝሀቦች ይለያያሉና በአካባቢያችን ያሉ ኡስታዞችን እንጠይቅ። ለዉዱእ ተብሎ ፋሻን በየሶላቱ መፍታት ግን ቁስሉን ያቆየዋል። በጾም ወቅትም በቆዳ ላይ የሚቀባ መድኃኒት ጾምን አያበላሽም።

ጠባሳ እንዳይቀር

በሁለት ሳምንት ውስጥ የዳነ ቃጠሎ አብዛኛውን ጊዜ የጎላ ጠባሳ አይተውም። ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ጠባሳው የማበጥና የመጠንከር ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ጠባሳን የምንከላከለው በውድ ክሬም ሳይሆን ቁስሉ እንዳያመረቅዝ በመጠበቅ ነው። ሁለት ሳምንት ሞልቶት ያልዳነ ቁስል ለሐኪም ይታይ።

ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ ቅርፊቱን አንላጥ። አዲሱን ቆዳ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቫዝሊን እየቀባን በጣት በቀስታ እናሸው። ጠባሳው ከፍ ማለት ከጀመረ ፋርማሲ የሚገኘው የሲሊኮን ጄል ለወራት ሲቀባ ይረዳል። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቦታው መጥቆሩ ወይም መንጣቱ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ እየተስተካከለ ይሄዳል። የሚያነጣ ክሬም ግን አይቀባበት።

ፀሐይንም አንናቅ። የፀሐይ ጨረር ኃይል በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የእንጦጦ አናት ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ከተማችንም ራሷ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ አዲሱን ቆዳ ያጠቁረዋል። ስለዚህ ቦታውን በእጅጌ መሸፈን ይገባል።

መቼ ወደ ሐኪም?

ቃጠሎው ከተጎጂው መዳፍ የሚበልጥ ከሆነ፤ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ሐፍረተ ሥጋ ላይ ከሆነ፤ ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ ሕመም የማይሰማ ከሆነ፤ በኤሌክትሪክ ወይም በኬሚካል ከሆነ፤ ተጎጂው ሕፃን፣ አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ቤት አንቆይ። መግል፣ ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ካየንም እንዲሁ። በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይቀበላል፤ ከበድ ካለ ስድስት ኪሎ አካባቢ የሚገኘውና የቃጠሎ ሕክምና ክፍል ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል አለ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን መጠንቀቅ ነው። አክንባሎ ስናነሳ እንፋሎቱ ከእኛ በተቃራኒ እንዲወጣ እናድርግ። ጀበናና ድስት ሕፃን ከሚደርስበት እናርቅ። ከእንጦጦ የሚመጣው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በውስጡ ዘይት ስላለው ድንገት ቦግ ይላል፤ ስንማግድ እጅጌያችንንና የሒጃባችንን ጫፍ እንሰብስብ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስንተኛ እሳት እንድናጠፋ ማዘዛቸውንም አንርሳ።

ዛሬ ማታ ልጆቻችንን ሰብስበን “ብትቃጠሉ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?” ብለን እንጠይቃቸው። መልሳቸው “ውሃ፣ 20 ደቂቃ” እስኪሆን ድረስ እንድገምላቸው። አላህ ቤተሰቦቻችንን ከእሳት ይጠብቅልን፤ ለታመሙትም ሺፋውን ይስጥልን።