ከአይጥ ጠጉር የተነበበው የእናቶች ምስጢር

አይጥ የቤት እመቤት ሁሉ ጠላት ናት። የእህል ከረጢት ትቀዳለች፣ ልብስ ትቆራርጣለች፣ ሌሊት እንቅልፍ ትነሳለች። ስለዚህ በዚህ ዓምድ ስለ አይጥ ስናነሳ «ደግሞ ለእርሷ ምን ቦታ ያስፈልጋታል?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን፣ ውድ አንባቢያን፣ ስለ ሴት ልጅ ሰውነት ከሚታወቁት ታላላቅ ቁም ነገሮች አንዱ የተነበበው ከአይጥ ጠጉር ላይ ነው። ያነበቡትም ሴት ሳይንቲስት ናቸው።

ዶክተር ሜሪ ላየን በ1925 በእንግሊዝ አገር ኖርዊች በተባለች ከተማ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እናታቸው አስተማሪ ነበሩ። ሜሪ በ1943፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያ ዘመን ሴቶቹ ከወንዶቹ ጋር እኩል ተምረውና እኩል ተፈትነው የሚያገኙት የስም ዲግሪ ብቻ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ሙሉ አባል ሆነው የተሟላ ዲግሪ መቀበል የጀመሩት በ1948 ነው። ሜሪ ግን በዚህ ሳይበገሩ ትምህርታቸውን ቀጥለው በ1950 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ።

በ1955 በኦክስፎርድ አቅራቢያ በሚገኘው የሃርዌል የምርምር ተቋም ሥራ ጀመሩ። የአቶም ቦምብ ከተጣለ ወዲህ ሳይንቲስቶችን ያስጨነቀ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም ጨረር በሚወለዱ ልጆች ላይ ምን ጉዳት ያስከትላል የሚለው ነው። ይህን በሰው ላይ መሞከር አይቻልም። አይጥ ግን በሦስት ሳምንት ያህል ትወልዳለች፤ ግልገሎቿም ሁለት ወር ሳይሞላቸው ለመራባት ይደርሳሉ። ስለዚህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የብዙ ትውልድ ታሪክ ከእርሷ ማየት ይቻላል። የዶክተር ላየንም የዕለት ሥራ የእያንዳንዷን አይጥ እናትና አባት፣ የጠጉሯን ቀለም፣ የልጆቿን ብዛትና ጤንነት አንድ በአንድ መመዝገብ ነበር።

ከእነዚህ አይጦች መካከል ጠጉራቸው ዝንጉርጉር የሆነ ሴቶች ነበሩ። የዚህ ዝርያ ባሕርይ የሚያስገርም ነበር። ሴቶቹ ጠጉራቸው ቢዥጎረጎርም ይኖራሉ፤ ያንኑ ባሕርይ የወረሱት ወንዶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይወለዱ ይሞታሉ። አንድ ቀን ግን ዝንጉርጉር ሆኖ በሕይወት የኖረ ወንድ ተገኘ። ዶክተር ላየን የልጆቹን መዝገብ ሲመረምሩ ለውጡ የደረሰበት በአካሉ ሁሉ ሳይሆን፣ ፅንስ ሳለ በከፊሉ ሕዋሳቱ ላይ ብቻ መሆኑን ተረዱ። እዚህ ላይ ቆም ብለው አሰቡ፤ ይህ ወንድ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ከሆነ፣ እርሱን የሚመስሉት ሴቶችስ እንደ እርሱ የተቀላቀሉ ቢሆኑስ?

ነገሩን ለመረዳት አንድ ነጥብ እናስታውስ። የዘር ባሕርይን የሚሸከሙት ክሮሞዞሞች ናቸው። ሴት ኤክስ የሚባለው ክሮሞዞም ሁለት አላት፤ ወንድ ግን አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ነው ያለው። ታዲያ ሴቷ እጥፍ ይዛ ሳለ እጥፍ ያልሠራባት ለምንድን ነው? ዶክተር ላየን በ1961 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት፣ ከሁለት ገጽ በማይበልጥ ጽሑፍ መልሱን ሰጡ። ሴቷ ገና ፅንስ ሳለች በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ከሁለቱ ኤክሶች አንዱ በዕጣ ሥራውን ያቆማል። ከዚያ ሕዋስ የሚባዙትም ሁሉ ያንኑ ይዘው ይቀጥላሉ። እንግዲህ እያንዳንዷ ሴት የሁለት ዓይነት ሕዋሳት ቅልቅል ናት ማለት ነው፤ ከፊሉ በእናቷ፣ ከፊሉ በአባቷ ኤክስ ይሠራል።

ምስክሩ ሩቅ አይደለም። ጥቁርና ቀይ ጠጉር ተቀላቅሎባት የምታዩዋት ዝንጉርጉር ድመት ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ሴት ናት። ጥቁሩና ቀዩ ቀለም የሚወሰነው በኤክስ ላይ በሚገኝ ጂን ስለሆነ፣ አንዱ ኤክስ በሠራበት ቦታ ጥቁር፣ ሌላው በሠራበት ቀይ ይበቅላል።

ይህ ለእናቶች ምን ይፈይዳል? በ1962 በአሜሪካ ዶክተር ጆን ሜንክስ የተባሉ ሐኪም አንድ አሳዛኝ በሽታ ገለጡ። በአንድ ቤተሰብ የተወለዱ አምስት ወንዶች ሕፃናት ጠጉራቸው የተጠማዘዘና የሚሰባበር ሆኖ፣ አእምሯቸው ሳያድግ፣ ሰውነታቸው እየተንቀጠቀጠ በሕፃንነታቸው ሞቱ። በ1972 በአውስትራሊያ ዶክተር ዴቪድ ዳንክስ የእነዚህ ሕፃናት ጠጉር መዳብ የጎደለው መኖ የበሉ በጎችን ጠጉር እንደሚመስል አስተዋሉ፤ በእርግጥም የሕፃናቱ ሰውነት መዳብን መጠቀም የተሳነው ሆኖ ተገኘ። በ1974 ደግሞ ያችው ዝንጉርጉር አይጥ ተመሳሳይ የመዳብ ችግር እንዳለባት ታወቀ። በ1993 የሰውየው ጂን ሲገኝ፣ ለካስ የአይጧና የሕፃናቱ ችግር መነሻ አንድ ኖሯል! ምክንያቱ በመታወቁም መዳብን በመርፌ ቶሎ መስጠት ተሞከረ፤ በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተጀመረ አንዳንዶቹን ሕፃናት እንደሚረዳ ታይቷል።

ልጅ ታሞ ሲሞት ወይም በበሽታ ላይ በሽታ ሲደራረብበት «ምን በልታ ነው? ምን አድርጋ ነው?» እየተባለ ጣት የሚቀሰረው በእናት ላይ ነው። በኤክስ በኩል የሚወረሱ በሽታዎች ግን ከእናት ጥፋት ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። ተሸካሚዋ እናት ጤነኛ ሆና የምትታየው ከፊሉ ሕዋሳቷ በጤነኛው ኤክስ ስለሚሠሩ ነው። ወንድ ልጇ ግን መለዋወጫ የለውም፤ ከሁለቱ የትኛው ኤክስ እንደሚደርሰው የሚወስነው ዕጣ ብቻ ነው። ዕጣ ደግሞ አይወቀስም።

ዶክተር ላየን ሌላም ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። ከ1956 እስከ 1970 «የአይጥ ዜና መልእክት» ለማለት የሚቻለውን መጽሔት አዘጋጅተዋል። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ቤተ ሙከራዎች የትኛውን ዝርያ እንደያዙና ምን አዲስ ለውጥ እንዳዩ ይልካሉ፤ እርሳቸው ያሰባስቡና ለሁሉም ያሰራጫሉ። ከ1975 እስከ 1990 ደግሞ የአይጥ ጂኖችን ስያሜ የሚወስነውን ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት መርተዋል። የስም ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ ልጅ በቤት አንድ ስም፣ በትምህርት ቤት ሌላ ስም ሲኖረው መዝገቡ እንዴት እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ። ጂንም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ቤተ ሙከራ በአንድ ስም፣ ሌላው በሌላ ስም ቢጠራው የሁለቱ ድካም አይገናኝም።

ያ ሁሉ መዝገብ በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ገብቶ የመረጃ ቋት ሆነ። ዋናው በአሜሪካ ባር ሃርበር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ባለው የጃክሰን ቤተ ሙከራ የሚጠበቅ ሲሆን፣ ለማንኛውም ሰው በነፃ ክፍት ነው። በ2002 የአይጥ የዘር ጽሑፍ ሲታተም፣ ከጂኖቿ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ያህሉ በሰው ውስጥ አቻ እንዳላቸው ታወቀ። ስለዚህ አንድ ሐኪም በአንድ ሕፃን ላይ ያልታወቀ የጂን ለውጥ ሲያገኝ፣ ያው ጂን የተበላሸበት አይጥ ምን እንደደረሰባት ከዚህ መዝገብ ማየት ይችላል።

የዶክተር ላየን ሐሳብ ወዲያው የተቀበሉት ሁሉም አልነበሩም፤ ለዓመታት የተከራከሯቸው ነበሩ። ማስረጃው ግን እየበዛ ሄደ። በ1973 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኑ፤ በ1997 የዎልፍን ሽልማት አገኙ። በ1990 ጡረታ ከወጡ በኋላም ወደ ቤተ ሙከራው መመላለሳቸውን አልተዉም። በ2014 በ89 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ በሃርዌል በስማቸው የተሰየመው የአይጥ ምርምር ማእከል ሥራ ከጀመረ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር።

እንግዲህ፣ እናቶች፣ ከእኚህ ሴት አንድ ነገር እንውሰድ፤ መመዝገብን። አንድ ደብተር ግዙና የቤተሰባችሁን የጤና ታሪክ ጻፉበት። በተለይ በእናት በኩል ያሉትን ወንዶች፣ ማለትም ወንድሞቻችሁንና የእህቶቻችሁን ወንዶች ልጆች አትርሱ። በሕፃንነቱ የሞተ አለ? ሲገረዝ ወይም ጥርሱን ሲነቀል ደሙ አልቆም ያለ አለ? ደም አልረጋ የሚልበት በሽታም የሚወረሰው በዚሁ በኤክስ በኩል ነውና፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ካለ ወንድ ልጃችሁ ከመገረዙ በፊት ለሐኪም ንገሩ። ይህን መናገር ቤተሰብን ማዋረድ አይደለም፤ ልጅን ማዳን ነው።