በስም ነው በሥራ?

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። ከገጠር መጥቶ አክስቱ ዘንድ ሆኖ ይማራል። ከትምህርት ቤቱ «ትምህርት አይገባውም» ስለተባለች አክስቱ ጭንቅ ብሏት እጁን ይዛ ወደ ቢሮዬ አመጣችው። ጠረጴዛዬ ላይ አራት ሥዕሎች ደረደርኩለት፤ መጥረቢያ፣ መጋዝ፣ መዶሻና ግንድ። «ከሌሎቹ ጋር አብሮ የማይሄደው የቱ ነው?» አልኩት።

አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ መዶሻውን በጣቱ ገፋ አድርጎ «ይሄ» አለ።

የማረሚያው ቅጽ የሚፈልገው ግንዱን ነው። ሦስቱ መሣሪያ ናቸው፤ ግንድ ግን አይደለም። ዜሮ ጻፍኩ። ገጹን ልገልጥ ስል የልጁ ዓይን አሁንም መዶሻው ላይ ነበር። መመሪያው ባይፈቅድልኝም «እሱን ለምን አወጣኸው?» አልኩት።

«ግንዱን በመጥረቢያ ይቆርጡታል፣ በመጋዝ ይሰነጥቁታል። መዶሻው ግን ምን ይሠራል ጋሼ? ምስማር የለም።»

ማታ ቤቴ ገብቼ የራሴን ጥያቄ ደጋግሜ ሰማሁት። እኛ «ይሄዳል» የምንለው ለሚስማማ፣ ለሚደጋገፍ ነገር ነው። ሸሚዝ ከሱሪ ጋር ይሄዳል፤ ወጥ ከእንጀራ ጋር ይሄዳል። እኔ በሆዴ የያዝኩት በአንድ ስም የማይጠራውን ለይ የሚል ነበር፤ ከአፌ የወጣው ሌላ። ልጁ የመለሰው የጠየቅኩትን ነው። ዜሮው የሚገባው ለኔ ነበር።

አሌክሳንደር ሉሪያ የተባለው የሶቪየት ኅብረት የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 ወደ ኡዝቤኪስታን ገጠር ወርዶ እነዚሁኑ አራት ነገሮች ላልተማሩ ገበሬዎች አሳይቷቸው ነበር። አንዱን አውጣ ሲባሉ ብዙዎቹ እምቢ አሉ፤ ግንድ ከሌለ መጋዙ ምን ሊቆርጥ? ጥቂትም ቢሆን የተማሩት ግን መሣሪያዎቹን ለይተው አስቀመጡ። ሉሪያ ይህን ልዩነት አስተሳሰብ ከተጨባጩ ወደ ረቂቁ የሚያልፍበት ደረጃ አድርጎ ተረጎመው። እኔ በዚህ ከእሱ ጋር አልስማማም። ገበሬው መመደብ አቅቶት አይደለም፤ ዘር ከዘር፣ አፈር ከአፈር ሲለይ ይውላል። ትምህርት ቤት የሚሰጠው አንዱ ነገር ጠያቂው በየትኛው መንገድ እንዲመደብለት እንደሚፈልግ ቶሎ የማወቅ ልምድ ነው።

የጥያቄው አቀራረብ ስንት ነገር እንደሚለውጥ ሳስብ፣ በብራዚሏ ሬሲፊ ከተማ ገበያ ላይ የሚነግዱ አምስት ልጆችን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት ሥራ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ልጆቹ ገበያ ውስጥ ለደንበኛ ሲያሰሉ ከ100 ጥያቄ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። ያው ስሌት ያለ ሸቀጥ፣ በወረቀት በቁጥር ብቻ ሲቀርብላቸው ግን ከ100 ወደ 37 ወረዱ። ከልጆቹ አንዱ፣ አንድ ፍሬው 35 ክሩዜሮ (የዚያን ጊዜው የብራዚል ገንዘብ) የሆነ ኮኮናት አሥሩ ስንት እንደሆነ ተጠየቀ። የሦስቱን 105 ያዘ፤ ሌላ ሦስት ጨምሮ 210፤ እንዲህ እያለ 315 ደርሶ በመጨረሻ 350 አለ። በ10 ሲባዛ ዜሮ መጨመር የሚባለው የክፍል ዘዴ ትዝም አላለው። በራሱ መንገድ ሄዶ ደረሰ። በወረቀቱ ውጤት ብቻ የሚፈርድ ሰው ይህን ልጅ ምን ብሎ ይጽፈው ነበር?

ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አልፍሬድ ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1905 ከቴዎዶር ሲሞን ጋር የመጀመሪያውን የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ፓሪስ ላይ ሲያዘጋጅ ዓላማው ተጨማሪ እርዳታ የሚሹትን ልጆች መለየት ነበር። እኔ ግን በተሳሳተ ጥያቄ አንድን ልጅ ለዘለቄታው «አይገባውም» ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በሳምንቱ ሲመለስ አስቀድሜ «እንቆቅልሽ» አልኩት። ፊቱ በርቶ «ምን አውቅልህ» አለኝ። እንቆቅልሽ ሲባል ቃሉ ሌላ ነገር እንደሚሸሽግ ማንም ልጅ ያውቃል፤ ደንቡን ያደገበት ነው። የኔም ጨዋታ ደንብ እንዳለው ነገርኩት። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ድስት አስቀምጬ «በሥራ ከሆነ ሁሉም ወጥ ቤት ይገናኛሉ፤ በስም ከሆነ ግን ሦስቱ አትክልት ናቸው» ብዬ አሳየሁት። ለሙከራ ሌላ አንድ ጨመርኩለት።

ከዚያ ወዲያ አዲስ ሥዕል በዘረጋሁ ቁጥር እጁን ከመሰንዘሩ በፊት ቀና ብሎ ያየኝና «ጋሼ፣ በስም ነው በሥራ?» ይለኝ ጀመር። በስም ስለው በስም ለየ፤ በሥራ ስለው በሥራ። ለትምህርት ቤቱ በላክሁት ሪፖርት ላይ፣ ከቁጥሩ በላይ፣ ይህንኑ ጥያቄውን ጻፍኩት።